ዛንዚባር ላይ ጀልባ ለግማሽ ቀን «ኮንትራት» ስትይዙ፦ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ጀልባ፣ በስንት ሰዓት

የመጀመሪያ ጊዜ ለግማሽ ቀን ጀልባ ተከራይተን ባሕሩ ውስጥ የቆየነው 50 ደቂቃ ብቻ ነው። ያረፍነው የዛንዚባር ከተማ አሮጌ ሰፈር በሆነው ስቶን ታውን ነበር፤ የያዝነው ጀልባ ግን የሚነሳው ከደሴቷ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከኑንግዊ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና ሄድን። ከዚያ ቀርፋፋ የእንጨት ጀልባ ተሳፍረን ምኔምባ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት እስክንደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። መመለሻውም ያው ነው። እናቴ መንገዱን ሙሉ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና፣ ዓይኗን ጨፍና አሳለፈችው። ስንደርስ ውሃው ጥልቅ ስለነበር ከስድስታችን የገባነው ሁለት ብቻ ነን። ጀልባው አልተበላሸም፣ ካፒቴኑ ጨዋ ሰው ነበር፣ ዋጋውም አላስከፋንም። ያጠፋነው እኛ ነን፤ ፎቶና ዋጋ አወዳድረን መረጥን እንጂ የምናድርበትን ቦታ፣ ዋና የሚችለውን ሰው ብዛትና የዚያን ቀን የባሕሩን ሙላት አላየንም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ። ብዙ ወዳጆቼም ከመሄዳቸው በፊት ስለሚጠይቁኝ፣ ለእነሱ የምነግራቸውን እዚህ ልጻፈው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ስለሚኬድ ዛንዚባር ለእኛ ሰው ቅርብ ሆናለች። በጥር የተጋቡ ሙሽሮች ይሄዳሉ፣ ክረምት ላይ ትምህርት የተዘጋላቸው ልጆች ያሏቸው ይሄዳሉ፤ እንደ እህቴ ከአሜሪካ መጥተው ከአገር ቤት ቤተሰብ ጋር እዚያ የሚገናኙም አሉ።

በሰው ወይስ ኮንትራት?

ነገሩ እንደ ታክሲ ነው። በሰው የሚጭን ጀልባ አለ፣ ኮንትራት የሚያዝም አለ። በሰው የሚጭነው ሰዓቱን፣ መንገዱንና የቆይታውን ርዝመት ራሱ ይወስናል፤ እናንተ ትከተላላችሁ። ኮንትራት ስትይዙ የምትገዙት ከሁሉ በላይ ሰዓት ነው። ሲያጥወለውላችሁ ትመለሳላችሁ፣ ደስ ሲላችሁ ትቆያላችሁ፣ ባሕሩ የሚመቸውን ሰዓት ትመርጣላችሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል የጋራው ጉዞ በሰው 35 ዶላር፣ ኮንትራቱ ደግሞ ለመላው ጀልባ 140 ዶላር ተባላችሁ እንበል። አራት ከሆናችሁ እኩል ነው፤ ስድስት ከሆናችሁ ኮንትራቱ ይረክሳል፤ ሁለት ከሆናችሁ እጥፍ ትከፍላላችሁ። ቁጥሮቹን ለስሌት ነው ያመጣኋቸው፤ እዚያ የሚነገራችሁን ዋጋ ተክታችሁ አስሉት። አዛውንት ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ግን፣ ሁለት ወይም ሦስት ብትሆኑም እንኳ ኮንትራት ያዙ ነው የምለው። 20 የማታውቋቸው ሰዎች ባሉበት ጀልባ ላይ እናታችሁ ቢያማት ማንም ለእናንተ ብሎ አይመለስም።

አስቀድሞ የሚታወቅ አንድ ነገር አለ፦ ግማሽ ቀን ማለት አራት ሰዓት፣ ቢበዛ አምስት ነው። ከዚያ ውስጥ ጉዞው ሁለት ሰዓት ከበላው የቀረው ትንሽ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምታወዳድሩት የመነሻ ቦታዎችን ነው።

መንገዶቹ

ስቶን ታውን ያደረ ሰው ከቻንጉና ከናኩፔንዳ የተሻለ የግማሽ ቀን ጉዞ አያገኝም። ሁለቱም ከፎሮዳኒ መናፈሻ አካባቢ ካለው ዳርቻ በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስዱ ነው። ቻንጉን ሰዎች «የእስር ቤት ደሴት» ይሏታል። ድሮ ያመፁ ባሮች ይታሰሩባት ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1893 የዛንዚባር ቀዳሚ ሚኒስትር የነበረው እንግሊዛዊው ሎይድ ማቲውስ እስር ቤት እንዲሠራባት አዘዘ፤ ሕንፃው ቢያልቅም እስረኛ ግን ሳይገባበት፣ በቢጫ ወባ የተጠረጠሩ ሰዎች ተለይተው የሚቆዩበት ሆነ። ዛሬ ሰው የሚሄደው ለኤሊዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የሲሼልስ እንግሊዛዊ ገዥ አራት ግዙፍ የአልዳብራ ኤሊዎች በስጦታ ላከ፤ እነዚያ ተራብተው ብዙ ሆኑ፤ ቆይቶ ደግሞ ስለተሰረቁ እ.ኤ.አ. በ1996 ሰባት ብቻ ቀርተው ነበር። አሁን ባለው አጥር ውስጥ በጥበቃ እንደገና በዝተዋል። የዕድሜያቸው ቁጥር ድንጋያቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ልጆች ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውን ኤሊዎች ቁጥሩን እያነበቡ ይፈልጋሉ። ቅጠል ስትሰጧቸው ቀስ ብለው አንገታቸውን ያወጣሉ። የእህቴ ልጅ ከባሕሩ ይልቅ የሚያስታውሰው እነሱን ነው።

ናኩፔንዳ በስዋሂሊ «እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ» ማለት ነው። ዛፍም ቤትም የሌለባት፣ ባሕሩ ሲሸሽ የምትወጣ፣ ሲሞላ የምትሸፈን ነጭ አሸዋ ናት። ዳርና ዳሯ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት፣ ትንሽ ራቅ ሲል እስከ ወገብ ነው። ዋና ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እግሩ አሸዋ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን በማስክ፣ ማለትም በውሃ ውስጥ ማያ መነጽር፣ ውሃው ውስጥ ነክሮ መልመድ ይችላል። እናቴ ከባሕር ጋር የታረቀችው እዚህ ነው። በወገቧ ልክ ቆማ፣ የወንድሜን እጅ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ አየችና «ውይ፣ ዓሣ!» አለች። ከዚያ በኋላ እንሂድ ስንላት እንቢ አለች።

ስቶን ታውን ካረፋችሁና ከመካከላችሁ የማይዋኝ ካለ ይህን መንገድ ያዙና ሌላውን ተዉት። ጉድለቱ የታወቀ ነው፦ ሰው ይበዛል፣ ኮራሉም፣ ያ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር ፍጥረት፣ እንደ ምኔምባ አይደለም።

ምኔምባ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ትይዩ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ደሴቲቱ ላይ ያለው የግል ሆቴል ስለሆነ ከሆቴሉ እንግዶች በቀር ማንም አይወርድባትም። ይህን ሳያውቁ «ምኔምባ ደሴት እንወርዳለን» ብለው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ጉዞው በዙሪያዋ ወዳለው ሰፊ የኮራል ሪፍ ነው፤ አካባቢው የባሕር ጥበቃ ክልል በመሆኑ የመግቢያ ክፍያ አለው። በቀለም፣ በዓሣ ብዛት፣ በውሃው ጥራት ከዚህ የሚበልጥ የለም። ቢጫና ጥቁር ጥለት ያላቸው ዓሦች በአጠገባችሁ እየተጋፉ ያልፋሉ፣ አንዳንዴ የባሕር ኤሊ ይታያል።

ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ መነሻችሁ ከምኔምባ ትይዩ ያለችው የማቴምዌ መንደር ትሁን። ከማቴምዌ ሞተር ያለው ጀልባ በግማሽ ሰዓት ያደርሳል፤ ከኑንግዊ ግን በእንጨት ጀልባ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ነፋስ ካለ ይብሳል። ኑንግዊ ወይም አጠገቡ ያለው ኬንድዋ ላረፈ ሰው ፈጣን ጀልባ ካልያዘ በቀር የምኔምባ ግማሽ ቀን የሚሆነው በስም ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ውሃው ቁመት አይሰጥም። አብዛኞቻችን ደጋ ያደግን ሰዎች ነን፤ ዋና የተማረው ጥቂቱ ነው፤ ይህን ለካፒቴኑ መናገር ደግሞ ያሳፍረናል። እባካችሁ ተናገሩ። ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ በገመድ የታሰረ የመንሳፈፊያ ቀለበት ይዞ፣ አጠገቡ አብሮት የሚዋኝ መሪ ካለ ዋና የማይችል ሰውም ያንን ውበት ማየት ይችላል። መሪው ጀልባው ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ከሆነ ግን አትግቡ። ስትይዙ «ከእኛ ጋር ውሃ ውስጥ የሚገባው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።

የመናይ ወሽመጥ ከፉምባ መንደር ይጀምራል፤ ፉምባ ከስቶን ታውን በመኪና ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ነው። ክልሉ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከለለ የባሕር ጥበቃ ቦታ ሲሆን ትንንሽ ደሴቶች፣ የአሸዋ ጉብታዎች፣ ማንግሮቭ የሚባለው ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ የከበበው ኩሬና የክዋሌ ደሴት ትልልቅ የባኦባብ ዛፎች አሉት። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ ለግማሽ ቀን ግን አልመክረውም። ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ሙሉ ቀኑ ደግሞ በሰው በሚጭኑት ሸራ ያላቸው ትልልቅ ጀልባዎች ምሳውን ጨምሮ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል። ጊዜ ካላችሁ እዚህ ላይ ኮንትራቱን ተዉትና በሰው ሂዱ።

ኪዚምካዚ ደቡብ ጫፍ ላይ ነው፤ ሰው የሚሄደው ዶልፊን ሊያይ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር፣ ዳግመኛ አልሄድም። አሥር ጀልባ ያንድ መንጋ ዙሪያ ከብቦ፣ ሞተሩን እያስነሳ፣ ዶልፊኖቹ ብቅ ባሉበት ሁሉ ሰው እየዘለለ ይገባባቸዋል። የሚያርፉበትና ግልገል የሚያጠቡበት ሰዓት ላይ ነው የሚሳደዱት። የግድ ማየት የፈለገ ኮንትራት ይዞ፣ ካፒቴኑን «አታሳድድ፣ ራቅ ብለህ ሞተሩን አጥፋ፣ ውሃ ውስጥም አንገባም» ብሎ አስቀድሞ ይስማማ። ወደዚያ ከሄዳችሁ መንደሩ ውስጥ ያለውን ጥንታዊ መስጊድ ሳታዩ አትመለሱ፤ ግድግዳው ላይ በ500 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1107 ማለት ነው፣ የተቀረጸ በኩፊ፣ በጥንታዊ የዓረብኛ አጻጻፍ፣ የተጻፈ ጽሑፍ አለ።

በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ላረፉት ከባሕሩ ጋር ሌላ ጣጣ አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ለሙሽሮች ደግሞ አንድ ቃል፦ ኬንድዋና ኑንግዊ ወደ ምዕራብ ስለሚያዩ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በሸራ ጀልባ ሁለት ሰዓት መሄድ ከግማሽ ቀን ጉዞ ይልቅ ልብ ላይ ሊቀር ይችላል፣ ገንዘቡም ያንሳል።

ባሕሩ በስንት ሰዓት ይሸሻል?

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ከጀልባው ዓይነት በላይ ጉዞውን የሚወስነው ግን ይህ ነው። የሐይቅ አገር ሰዎች ስለሆንን ውሃ ባለበት ይቆያል ብለን እናስባለን። ዛንዚባር ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በሙላትና በሽሽት መካከል ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ አለ። በየቀኑም ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል፤ ዛሬ በ4 ሰዓት የሸሸ ነገ በ5 ሰዓት ገደማ ይሸሻል።

የልዩነቱ መጠን ከጨረቃ ጋር ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ባሕሩ በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይሸሻል፤ የሁለቱ ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን «ባምቩዋ» ይሉታል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ያንሳል፤ ያንን «ማጂ ማፉ»፣ የሞተ ውሃ፣ ይሉታል። የሂጅራን ወር ለሚቆጥር ሙስሊም አንባቢ ነገሩ ቀላል ነው፦ የወሩ መጀመሪያና አጋማሽ ባምቩዋ ነው። ሌላው ሰው ማታ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ይይ፣ ወይም የሙላት ሰንጠረዥ ስልኩ ላይ ይፈልግ።

ጥቅሙ ይህ ነው። በባምቩዋ ቀናት ባሕሩ የሚሸሸው ረፋዱ ላይ፣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ መጀመሪያ ቻንጉ ኤሊዎቹን አይታችሁ፣ በ3 ሰዓት ተኩል ናኩፔንዳ ብትደርሱ አሸዋው ሰፍቶ ይጠብቃችኋል። ከሳምንት በኋላ፣ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን፣ ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ረፋዱ ላይ ውሃው ሞልቶ፣ አመሻሹ 10 ሰዓት ገደማ ይሸሻል። ያን ጊዜ የጠዋቱን ጉዞ ለናኩፔንዳ ያዋለ ሰው ጠባብ አሸዋ ያገኛል፣ ምናልባትም ምንም አያገኝ። በእነዚያ ቀናት ከሰዓት በኋላ መውጣት ይሻላል። ምኔምባ ላይ ግን ተቃራኒው ነው የሚመቸው፦ ባምቩዋ ሲሆን ውሃው በኃይል ስለሚጎትት ዋና የማያስተማምነው ሰው የሞተ ውሃ ቀናትን ይምረጥ።

የምሥራቁን ዳርቻ፣ ፓጄንና ጃምቢያኒን፣ የሚጎዳውም ይኸው ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ዳርቻው ሩቅ ድረስ ደረቅ ሜዳ ይሆናል፤ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ተኝተው ይውላሉ፣ ሴቶች እዚያው ገብተው የባሕር አረም ሲለቅሙ ይታያሉ። የሚነሳበትን ሰዓት ካፒቴኑ ሳይሆን ውሃው ይወስናል። እዚያ ሆናችሁ «በ3 ሰዓት እንነሳለን» ብላችሁ አትከራከሩ፤ «ውሃው በስንት ሰዓት ያወጣናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ኑንግዊና ኬንድዋ ከዚህ ጣጣ በብዙው ነፃ ናቸው፤ ብዙ ሰው ለዋና እነሱን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የትኛው ጀልባ?

ጣሪያ ያለው፣ ሞተር የተገጠመለት የእንጨት ጀልባ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል። ሰፊ ነው፣ ጥላ አለው፣ ዋጋውም ከሁሉ የተሻለ ነው። ቀርፋፋ ስለሆነ ለቅርብ መንገድ እንጂ ለሩቅ አይሆንም። ጥላውን አቅልላችሁ አትዩት፤ የምድር ወገብ ፀሐይ ውሃ ላይ ሲያርፍ ከላይም ከታችም ነው የሚያቃጥለው፣ የእኛ ቆዳ አይቃጠልም የሚለው ወሬም ልክ አይደለም።

ፈጣኑ የፋይበር ጀልባ ለምኔምባ ከኑንግዊ ለሚነሳ ሰው ጊዜ ይገዛል። ነዳጅ ስለሚበላ ዋጋው ከፍ ይላል። ሞገድ ካለ ደግሞ ይነጥራል፤ ወገብ ለሚያመው ሰው፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አልመርጠውም። የግድ ከሆነ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ከፊት የበለጠ ይመታል።

ንጋላዋ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል፣ ግራና ቀኙ ደጋፊ እንጨት ያለው፣ በሸራ የሚሄድ የአጥማጆች ታንኳ ነው። ከባሕሩ ጋር እንዲህ የሚያቀራርብ ነገር የለም፤ ሞተር የለም፣ ድምፅ የለም፣ እጅ ዘርግቶ ውሃውን መንካት ነው። ለሁለትና ሦስት ሰው፣ ለአጭር ጊዜ፣ ዳር ዳሩን ሲሆን ደስ ይላል። ልጅና አዛውንት ይዛችሁ ግን አትሞክሩት። ካታማራን የሚባለው ባለ ሁለት ቀፎ የሸራ ጀልባ ብዙም አይናወጥም፣ ምቹ ነው፣ ውድ ነው፤ አሥርና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ልደት ወይም ሠርግ ካላከበራችሁ በቀር ለአራት ሰዓት ያን ያህል መክፈል አይታየኝም።

አንድ ነገር ለሁሉም ይሠራል። ዳርቻዎቹ አብዛኞቹ ማረፊያ ድልድይ የላቸውም፤ እስከ ጉልበት አንዳንዴም እስከ ወገብ ውሃ ውስጥ ገብቶ በመሰላል ነው የሚወጣው። ጉልበት ለሚያማቸው ወላጆች ይህ ከጉዞው ሁሉ የከበደው ክፍል ነው። እናቴን ሁለት ልጆች «ካሪቡ ማማ»፣ እንኳን ደህና መጡ እማማ፣ እያሉ ክንዷን ይዘው ሲያወጧት አልቅሳ ነበር፣ እኔም ሆዴ ተላወሰ። መሰላል መኖሩን፣ ስንት ደረጃ እንደሆነ፣ ሰው የሚደግፍ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ላይፍ ጃኬትን በሚመለከት አልደራደርም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ለልጅ በልጅ ልክ፣ ከመነሳታችሁ በፊት አውጥተው ያሳዩአችሁ፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ትንሽ ልጅን አይዝም፣ በላዩ ተንሸራትቶ ይወጣል። ጀልባው ስንት ሰው እንደሚጭን ጠይቁና «አንድ ሰው ብንጨምር ምን አለበት» አትበሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ከኡንጉጃ፣ ከዋናዋ የዛንዚባር ደሴት፣ ወደ ሌላዋ ደሴት ወደ ፔምባ ስትሄድ የሰጠመችው ስፓይስ አይላንደር መርከብ ከልክ በላይ ጭና ነበር፤ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። የደሴቷ ሰው ያንን አልረሳም፤ ጥሩ ካፒቴን ሰው አትጨምሩ ሲላችሁ ከልቡ ነው።

ወቅቱ

የጥር ሙሽሮች ዕድለኞች ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው «ካስካዚ» የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ወቅት ነው፤ ሞቃትና በብዙው ደረቅ ነው፤ ነፋሱ ሲበረታ ግን ምኔምባ በኩል ሞገድ ይኖራል። ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡት ግን ይጠንቀቁ፤ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት «ማሲካ»፣ ትልቁ ዝናብ ነው። ሆቴል ይረክሳል፣ ጀልባው ግን ሊሰረዝ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ እኛ ዘንድ ዝናብ ሲያወርድ እዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ በዚህ ጊዜ «ኩሲ» የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ምሥራቁን ዳርቻ ይመታዋል፣ የስቶን ታውን ወገን ግን ጋርዶት ይተኛል። በኅዳር አጭር ዝናብ አለ፤ ዘንቦ ያባራል። በየትኛውም ወቅት ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚነሳ፣ የሚያጥወለውለው ሰው ያለበት ቤተሰብ ሙላቱ ከፈቀደለት ጠዋትን ይምረጥ።

ስትስማሙ

ሆቴሉ ያስይዝላችኋል፤ የራሱን ይጨምራል፣ ግን ቢበላሽ የምትጠይቁት ሰው አለ። ዳርቻው ላይ የሚያገኟችሁ ደላሎች ይረክሳሉ። የአገሩ ሰው «ፓፓሲ» ይላቸዋል፣ መዥገር ማለት ነው፤ ስሙ ይከብዳል እንጂ ከመካከላቸው ቅን ልጆች አሉ። ከእነሱ ጋር ስትነጋገሩ ጀልባውንና ካፒቴኑን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። ከሁሉ የሚሻለው አመሻሽ ላይ ዳርቻው ሄዶ፣ ጀልባውን በዓይን አይቶ፣ ከካፒቴኑ ጋር ራሱ መነጋገር ነው።

ዋጋው ሲነገራችሁ ምኑን እንደሚጨምር አንድ በአንድ ጠይቁ፦ ነዳጁን፣ የቻንጉ መግቢያ ወይም የምኔምባ የጥበቃ ክፍያን፣ ማስኩን፣ ውሃና ፍራፍሬውን፣ ከሆቴል የሚወስደውን መኪና። ክፍያዎቹ በነፍስ ወከፍ ስለሚቆጠሩ ስድስት ለሆነ ቤተሰብ ርካሽ የመሰለውን ጀልባ ውድ ያደርጉታል። አራት ሰዓቱ የሚቆጠረው ከሆቴል ከወጣችሁ ነው ወይስ ጀልባው ከተነሳ? እሱንም አስጽፉ። ስምምነቱን በዋትስአፕ መልእክት ብትለዋወጡት ይበቃል። የያዛችሁት ዶላር ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ከሆነ ብዙዎች አይቀበሉትም፤ ከአገር ስትወጡ እዩት። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለጎብኝ ግዴታ የሆነው የ44 ዶላር ኢንሹራንስም አለ፤ ባሕር ላይ ለሚደርስ ጉዳት ምን እንደሚል ወረቀቱን አንብቡት።

ሰዓት ላይ ደግሞ እኛ የምንደሰትበት ነገር አለ። ስዋሂሊ እንደ እኛው ከንጋት ነው የሚቆጥረው። ካፒቴኑ «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ካለ የጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው፣ ያው የእኛ 2 ሰዓት። ፈረንጁ የሚደናገርበት ለእኛ የቤታችን ነው። ችግር የሚመጣው በመካከል ደላላ ወይም የሆቴል ሠራተኛ በፈረንጅ ሰዓት ሲያስተላልፍ ነው፤ አንድ ወዳጄ «8» የሚል መልእክት ደርሶት የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ወይስ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት እያለ ሲያወላውል ጀልባው ሄዶበታል። ከካፒቴኑ ጋር በስዋሂሊው ቁጠሩ፤ ጥርጣሬ ካለ «ጠዋት ነው?» ብላችሁ ድገሙት።

ምግቡ ላይ፦ «የባሕር ምግብ» ሲባል ኦክቶፐስ፣ ሎብስተር፣ ሽሪምፕ ያለበት ነው። ኦርቶዶክሳውያን ብዙዎቻችን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ስለማንበላ ቀድማችሁ «ሳማኪ ብቻ» በሉ፤ ሳማኪ ዓሣ ነው። ዓሣም የማይበላ ጾመኛ ካለ ሩዝ በኮኮናት፣ አትክልትና ፍራፍሬ በቀላሉ ያዘጋጃሉ። ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም ስለሆነ ለሙስሊም ቤተሰብ ስለ ሥጋው ጭንቀት የለም። በረመዳን ከሄዳችሁ ደግሞ ሠራተኞቹ ጾመው እየሠሩ መሆኑን አስቡና ምሳውን ከወረዳችሁ በኋላ ብሉ።

የውሃ ጫማ ያዙ፤ ኮራሉ ይቆርጣል፣ ጥቁር እሾሃም የባሕር ፍጥረት ከረገጣችሁ እሾሁ ለቀናት ያሰቃያል። ኮራሉ ላይም አትቁሙ፤ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነው፣ የሚያድገውም እጅግ በዝግታ ነው። የሚያቅለሸልሸው ሰው መድኃኒቱን ከመነሳቱ በፊት ይዋጥ፤ ከጀመረው በኋላ አይረዳም።

ጠዋት ዳርቻው ላይ ስትደርሱ ካፒቴኑ ባሕሩን አይቶ «ዛሬ ነፋስ አለ፣ አንሄድም» ሊላችሁ ይችላል። በሦስተኛው ጉዟችን እንዲህ ሆነ። ልጆቹ ተከፉ፤ እኔም ሌላ ጀልባ ልፈልግ ብዬ ነበር፣ ዳርቻው ላይ «እኔ እወስዳችኋለሁ» የሚል አይጠፋምና። እናቴ ናት የያዘችኝ። ቀብዱን ለማግስቱ አዛውረን፣ ስቶን ታውን ጠባብ መንገዶች ውስጥ ስንዞር ዋልን። በማግስቱ በ2 ሰዓት ስንመጣ ባሕሩ ተኝቶ ነበር፤ ካፒቴኑ መሰላሉን አውርዶ ውሃው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት።